የሺዓለም ምሥራቅ ጀርመን ሊሄዱ ነው

«አይሆንም» ሲባሉ «ነገ ይመለሱ» የተባሉ የሚመስላቸው ሴት በየከተማው አይጠፉም። ለናዝሬት የደረሷት ክብርት ወይዘሮ የሺዓለም ነበሩ። የትምህርት ቢሮው ምክትል ኃላፊ ገመቹ የጫማቸውን ኳኳታ ሲሰማ ሻዩን ሳይጨርስ በጓሮ በር ይወጣል። እሳቸው የጓሮው በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

ዲግሪ ይዘው የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ማስተማራቸው ራሱ ለከተማው አልገባ ብሎ ነበር። «ምን አጥፍተው ነው?» ይባባላል ሰዉ። እሳቸው እቴ! ለልጆቹ መጫወቻ አሸዋ ጠየቁ፤ አይሆንም ተባሉ፤ ሾፌር ለምነው ከአዋሽ ዳር አንድ መኪና ሙሉ አስደፉ። ትንንሽ መቀመጫ ጠየቁ፤ በጀት የለም ተባሉ፤ የቀበሌውን አዳራሽ አግዳሚዎች እግር በመጋዝ አስቆረጡ። ሊቀመንበሩ ጓድ አብተው የዚያን ሰኞ ስብሰባ ጉልበቱ አገጩን እየነካው መራ።

የገመቹ ልጅ ቡዜ አራት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል አልወጣትም። ዘመድ ሁሉ መድኃኒት ያውቅላታል። የሺዓለም ብቻ ልጅቷን ደጋግመው ካዩ በኋላ፣ «ምን እንደሆነች አላውቅም» አሉት። «ያልተማርኩትን ከየት ላምጣው? ግን ትምህርቱ አለ፤ የሚያስተምሩበት አገር አለ።»

ብዙም ሳይቆይ ዲግሪ ላላቸው የሕፃናት መምህራን ልዩ ሥልጠና የሚሰጥ የምሥራቅ ጀርመን የትምህርት ዕድል መጣ። ዕድሉን የሚያጸድቀው፣ አብተውና ገመቹም ያሉበት ኮሚቴ ሲሰበሰብ አብተው ከት ብሎ ሳቀ።

«ንፍጥ ለመጥረግ አውሮፓ? በትራክተር ጥገና ይቀየርልን!»

የሺዓለም ሳይጠሩ ገቡ። «ጓድ አብተው፣ ትራክተርዎን ያልሠለጠነ ሰው ያስነካሉ?»

«በፍጹም!»

«ልጅዎንስ?»

አብተው ፊቱ ጠቆረ። «ይህቺ ሴትዮ በአብዮቱ ላይ ትቀልዳለች!»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። ከጠብ ሁሉ ሲሸሽ የኖረው ገመቹ ግን ብድግ አለ።

«የእኔ ልጅ እሳቸው ዘንድ ነው የምትውለው። ተምረው ይምጡልኝ» ብሎ እጁን አወጣ። አንድ ሌላ እጅ ተከተለ። ከዚያም ሌሎች።

የወይዘሮዋ ዕድል ጸደቀ። በወሩ የገመቹ ዝውውር መጣ፦ መቂ።

ዕቃውን ሲጭን የሺዓለም ደረሱ።

«በእኔ ምክንያት ነው አይደል?»

«ኧረ እኔ የመቂ ቲማቲም ስለምወድ ነው።»

አልሳቁም። ቡዜን አቅፈው ከሳሟት በኋላ ቀና አሉ። «መቂ መዋዕለ ሕፃናት አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ስመለስ ቀጥታ የምመጣው እዚያ ነው።»

ሌላ ኃላፊ ቢሆን ይህን ሰምቶ ሌላ ዝውውር ይጠይቅ ነበር። ገመቹ ግን መቂ በገባ ማግስት፣ የቢሮውን ቁልፍ እንኳ ሳይረከብ፣ ቡዜን በትከሻው ተሸክሞ ለልጆች የሚሆን ጥላ ያለው ባዶ መሬት ፍለጋ ወጣ።