ጋሽ ቦጋለ እስኪያድጉ

ባሕር ማዶ፣ መንታ በሚባሉት ሁለት ከተሞች፣ ሐበሻ ሲሰበሰብ ምግብ ሊያንስ ይችላል፤ የራሱን ሕይወት በግጥም የሚተርክ ሰው ግን ጠፍቶ አያውቅም። የሜፕልዉድ ሰፈሩ ክቡር ባለቅኔ ጋሽ ቦጋለ ናቸው። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶብስ ይነዳሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ሕይወታቸውን ይገጥማሉ።

ባለቤታቸው የሺሀረግ ግጥሙን ከነእርማቱ በቃሏ ታውቀዋለች። የጎረቤታቸው የምንዳዬ ልጅ ክርስትና ላይ ጋሽ ቦጋለ ስለ ራሳቸው መወለድ አነበቡ። ወዳጃቸው መርጋ ሱቅ ሲከፍት ደግሞ የወንዝ ዳር ልጅነታቸውን ከስልካቸው ሲያነቡ የሚቆረጠው ሪባን ተረሳ። “ጋሼ፣ እርስዎ እስኪያድጉ ሱቄ ይዘጋል” አለ መርጋ። እሳቸው ምን ተዳቸው፤ ነፍስ በአንድ ጀምበር አታድግም ብለው ቀጠሉ።

የሺሀረግማ ከሁሉም ትብሳለች፤ “ክቡርነትዎ፣ ዛሬስ ጥርስ አወጡ ወይ?” ትላቸዋለች። የሚከነክናት ግን ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብራቸው ኖራ ግጥሙ ውስጥ የለችም። ወንዙ አለ፤ የጎረቤት በሬ እንኳ ከነስሙ አለ። እሷ ጋ መቼ እንደሚደርሱ መጠየቁን ደግሞ ኩራቷ አልፈቀደላትም።

በፈረንጆቹ 2018 ሰኔ፣ በልጃቸው በሊዲያ የምርቃት ድግስ ላይ ጋሽ ቦጋለ ተነሡ። “ዳድ፣ ፕሊስ፣ ሾርት አድርገው” አለች ሊዲያ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፦

ጨረቃ ስትስቅ ከሐይቁ ዳርቻ፣
አየኋት ብቻዋን፣ ያቺን የኔን አቻ።

አዳራሹ አጨበጨበ። የሺሀረግ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ በገነች። የተገናኙት ሐይቅ ዳር አይደለማ። ፊሊፕስ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ፓርኪንግ ላይ ነው፤ መኪናቸው በረዶ ውጧት፣ እሷ ከሥራ ስትወጣ ገፍታ አውጥታላቸዋለች።

“የቷ ጨረቃ?” አለች ከተቀመጠችበት። “በጠራራ ፀሐይ ነው መኪናህን ፑሽ ያደረግሁልህ። ጫማዬ በስብሶ፣ ሁለት እግሬ ደንዝዞ።”

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ቦጋለ አልሳቁም። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ጥቂት አሰቡና፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ በቃላቸው አወረዱት፦

መኪናዬ ተቀብራ በበረዶ ክምር፣
ገፍታ ገፍታ አወጣችኝ፣ የሺ የኔ ተአምር።

በስሟ ገባች። የሺሀረግ ዓይኗን በሶፍት ጠረገች፤ ከዚህ በላይ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። እሳቸው አሁንስ ልክ ሆነ ወይ ብለው ጠየቋት።

“ሆኗል” አለች። “ጨረቃዋን ግን ከግጥሙ እንዳታወጣት።”