ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

ልጄን የተቀበልኩት ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ወይስ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ? በሚካኤል ይሁን በገብርኤል እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያን ቀን ይዘንብ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ግን በሐምሌ እንጅባራ ላይ ያልዘነበበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ ዝናቡ ምስክር አይሆነኝም። የቀሩኝ ጭቃው፣ አውራ ጣቴ ላይ የተቀባው ማር፣ ከኋላዬም ቆመው «ቶሎ በል እንጂ፣ ልጅቷን ብርድ ይመታታል» ይሉኝ የነበሩት ሴትዮ ናቸው። ልጅቷ አንድ ክንድ የማትሞላ የኮሶ ችግኝ ነበረች።

ዛፍ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን የለም። ለቅሶ ቤት ሲገባ ከሐዘንተኞቹ በፊት የግቢውን ወይራ የሚጠይቅ፣ ሰርግ ተጠርቶ ሙሽሮቹን ትቶ የድንኳኑ ገመድ የታሰረበትን ግንድ «አልጠበቀበትም?» እያለ የሚዳስስ ሰው ታውቃላችሁ። ከሩቅ ስታዩት መንገድ ትሻገራላችሁ። እሱም ይሻገራል።

የእኛዋ ክብርት እትዬ ማናለብሽ ናቸው፤ የቆሰበር ዛፎች ጠቅላይ ሞግዚት። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እስካሁን የተቃወመ የለም። እንጅባራ የሚለውን ስም ለደብዳቤና ለካርታ ትተው፣ እሳቸው እንደ እኩዮቻቸው ዛሬም ከተማዋን ቆሰበር ነው የሚሏት። ቢሮ ሲገቡ አማርኛ ይናገራሉ። ዛፍ ሲቆጡ በአውኛ ነው፤ «አማርኛ ለቁጣ ትንሽ ጨዋ ነው» ይላሉ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ስልክ እጀታው እየተዞረ በሚደወልበት ዘመን ከተማችን ከሌላው ዓለም ጋር የምትነጋገረው በእሳቸው ጆሮ በኩል ነበር። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ ማን ለማን ምን እንዳለ ሁሉ በዚያ ጆሮ አልፏል፤ ከአፋቸው ግን አንድም ነገር አልወጣም። ከሥራው የተረፈቻቸው አንዲት አባባል ናት፤ «መስመር ላይ ቆይ።» ከእናንተ ጋር እያወሩ ባጃጅ መሃል ቢገባ፣ እጃቸውን አንስተው «መስመር ላይ ቆይ» ይሉና ካለፈ በኋላ ወሬውን ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ።

የሥራ ቦታቸው መስኮት ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ኮሶ ነበር። ጥሪ በሌለበት ሰዓት እሱን ሲያዩ ይውላሉ። መቼ እንደሚያብብ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ጉሬዛ እንደሚቀመጥ፣ በምን ሰዓት ጥላው ደጃፉ ላይ እንደሚደርስ ያውቁ ነበር። አንድ ክረምት ቅርንጫፉ ወድቆ ሽቦውን ሲበጥሰው፣ ቴክኒሻኖቹ መጥረቢያ ይዘው መጡ። እትዬ ማናለብሽ የጆሮ ማዳመጫቸውን ሳያወልቁ ወጥተው ግንዱ ሥር ቆሙ።

«ሽቦው ይዙር» አሉ። «ዛፉ መዞር አይችልም።»

ሽቦው ዞረ። ወጣት ነበሩ ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ወጣት ሆነው አላስታውሳቸውም።

ጡረታ ሲወጡ ፍቅራቸው ከአንድ ዛፍ ወደ ከተማው ሁሉ ተዛመተ። መጀመሪያ ያሰቡት ለእያንዳንዱ ዛፍ የክርስትና አባት ወይም እናት መስጠት ነበር። የሰፈራችን ቄስ በድንጋጤ እጃቸውን አወናጨፉ። «ለዛፍ ክርስትና የለም፣ ማናለብሽ።»

«እሺ አባ፣ ማርስ የሚከለክል አለ?»

«ማር? ማር የሚከለክል የለም።»

በቃ። አባቶቻችን የሌላ ሰው ልጅ የራሳቸው ሊያደርጉ ሲፈልጉ ጣታቸውን ማር ቀብተው ያጠቡት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ነው፣ ሊክዱት አይችሉም። እትዬ ማናለብሽ ይህን ሕግ ለዛፍ አዋሉት። አውራ ጣትህን ማር ይቀቡሃል፣ ግማሹን ግንዱ ላይ ትቀባለህ፣ የቀረውን ትልሳለህ። ጉንዳን ይመጣል ብዬ ብቃወም «ልጅ ጎረቤት ሲበዛለት ጥሩ ነው» አሉኝ። ቄሱም አንድ ጽድ ተቀበሉ።

የልጆቹ መኖሪያ እናት ውኃ ነበር። ከሰፈራችን ግርጌ ያለች ምንጭ ናት፤ ቧንቧ ሲጠፋ፣ ቧንቧ ደግሞ መጥፋት ይወዳል፣ ታችኛው ሰፈር በሙሉ የሚጠጣው ከእሷ ነው። ዙሪያዋን ያረጁ ኮሶዎችና ዋንዛዎች ቆመዋል፤ ችግኞቹ የተተከሉት በእነሱ መሃል ነው። እትዬ ማናለብሽ ለችግኝ ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹም አሳዳጊ ሰጡ። የዕድራችን ሊቀመንበር፣ የወፍጮ ቤት ባለቤቱ አቶ ይኸነው፣ ከአያታቸው የሚበልጥ ዋንዛ በልጅነት ተቀበሉ።

ከጢሞቲዎስ ጋር የነበራቸው ድርድር ግን ረዘም ይላል። ጢሞቲዎስ ከአዲስ ቅዳም ዲከረንስ ከሚባለው የውጭ አገር ዛፍ የከሰለ ከሰል እያመጣ የሚነግድ፣ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ጊታር የሚመታ ሰው ነው።

«አንተ ልጅህን እንዳታከስለው ማልልኝ» አሉት።

«እኛ አንምልም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ማሩን ላስ።»

ላሰ። ዲከረንስን እንደማይጠሉበትም ነገሩት። «እሱ እንግዳ ነው፤ ይበቅላል፣ ይሸጣል፣ ይሄዳል። ኮሶ የቤት ሰው ነው። የቤት ሰው አይሸጥም።»

ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ በሰላም መሄድ ቀረ። ከባንክ ስትወጣ፣ ከሐኪም ቤት ስትወጣ፣ አንድ ጊዜ እኔ እንዳየሁት አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር እየተጨቃጨቀ ሳለ፣ «ልጅህ እንዴት ነው?» ይላሉ። ደህና ነው ማለት አያዋጣም፤ «ስንት ቅጠል አውጥቷል?» ይከተላል። በየልደቱ አንድ ቅርጫት ፍግ በስጦታ ይዘው ይመጣሉ። ከብት የገባባት የአንዲት ጎረቤታችን ዝግባ የደረቀች ጊዜ፣ ነጠላ አዘቅዝቀው መጥተው «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ተቀመጡ። ሴትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ ግን አለቀሰች፤ ሁለተኛዋ ዝግባ በእሾህ ታጥራ አድጋለች።

እኔ ልጅ የለኝም። ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ዓመታት ነበሩ፤ ወደ እንጅባራ ስመለስ ጸጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ መንገድ ላይ «ልጅህ እንዴት ናት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ አፍር ነበር። በኋላ ሳልጠየቅ የዋልኩበት ቀን ይጎድለኝ ጀመር።

አሁን ወደ ዕድሩ ልግባ። በአንድ ዓመታዊ ስብሰባ መጨረሻ እትዬ ማናለብሽ እጃቸውን አወጡ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። አባል የጡት ልጅ ቢሞትበት፣ ዕድሩ ይወጣለታል ወይስ አይወጣለትም?»

ለወግ ሟች የሆኑት አቶ ይኸነው ቅር አላቸው። «ኧረ እትዬ፣ ይህ ይጠየቃል? የጡት ልጅ ከአብራክ ልጅ ተለይቶ ያውቃል? ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይቀመጣል።»

«እጅ ይውጣበት።»

እጅ ወጣ፤ የኔም ጭምር። ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አቶ ይኸነው ነገሩ የገባቸው ቤታቸው ደርሰው ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው ይባላል። ዘወር ብለው ለባለቤታቸው «በማር ያዘችኝ» አሏቸው።

ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ በጥር፣ የእናት ውኃ ዛፎች ቀይ ቀለም ተቀብተው አደሩ። መንገዱ ሊሰፋ፣ ምንጯ ላይም የሚኒባስ መቆሚያ ሊሠራ ነው ተባለ። እትዬ ማናለብሽ እንደ ማንኛውም ዜጋ ጀመሩ። ፊርማ አሰባሰቡ፣ አመለከቱ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው መስክ ናቸው። «መስመር ላይ እቆያለሁ» እያሉ በማግስቱ ይመለሱ ነበር። ዛፎቹ ከተቆረጡ ምንጯ እንደምትደርቅ ለሁሉም ነገሩ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። መጨረሻ ላይ ነገ ጠዋት መጋዝ ይገባል የሚል ወሬ ደረሳቸው። የእኔ ልጅ ከቁመቴ በልጣ ነበር፤ ግንዷ ግን ቀለም ለመቀባት እንኳ አልበቃም። ግሬደሩ ሳያያት ይሄድባታል ማለት ነው።

እትዬ ማናለብሽ አመሻሹ ላይ ወደ ዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ወደ አበረ ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ጥሩምባህን አዘጋጅ። ጎህ ሲቀድ ትነፋለህ።»

«ማን ሞተ?»

«ገና ነው።»

«እትዬ፣ ሳይሞት አይነፋም። እስከ ዛሬ ሳይሞት ነፍቼ አላውቅም።»

«እስከ ዛሬ ከሞቱ በኋላ ስትነፋላቸው የተነሣ አለ?»

አበረ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣራው አየሁ።

በማለዳ የአበረ ጥሩምባ ሰፈሩን አነቃ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የዕድርተኛው ልጆች ሞት ተፈርዶባቸዋል! ለቅሶው እናት ውኃ ነው!» ሕጉ ተደንግጓል፣ እጅ ወጥቶበታል። ዕድርተኛው ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ተሸክሞ ወረደ። ድንኳኑ በዋንዛዎቹ መሃል ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ። ጢሞቲዎስ ከሰሉን በነጻ አመጣ፤ «የዲከረንስ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

በማግስቱ የፈረሰኞች በዓል ስለነበር ከየወረዳው የመጡ ፈረሰኞች ከተማው ውስጥ አድረው ነበር። የለቅሶ ጥሩምባ ሰምቶ የሚቀር የአገው ፈረሰኛ የለም። የፈረሶቻቸውን ጌጥ አውርደው በዝምታ መጡ፤ ድንኳኑንም ዞሩ። ከአዘና የመጣ አንድ ሽማግሌ ከፈረሱ ጎንበስ ብሎ «ሟቹ ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ወደ ላይ አመለከትኩት። ረጅም ጊዜ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ «ትልቅ ሰው ነበር» አለና ወርዶ ተቀመጠ።

ባለ መጋዞቹ ከመንገዱ መሐንዲስ ከቤዛዊት ጋር ሲደርሱ የጠበቃቸው ይህ ነበር። ቤዛዊት የታዘዘች ልጅ ናት፤ ሐሳቡ የእሷ አልነበረም። ባለ መጋዞቹ ግን የአገር ልጆች ናቸው። የለቅሶ ድንኳን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መጋዙን አጥር ሥር አስቀመጡ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ገብተው ንፍሮ ተቀበሉ።

«ማን ነው የሞተው?» አለች ቤዛዊት።

አቶ ይኸነው በሊቀመንበር ወግ ተነሡ። «እስካሁን ማንም አልሞተም፣ ልጄ። የሚወሰነው በአንቺ ነው።»

ቤዛዊት ለአለቃዋ ደወለች። ኔትወርኩ መጣ፣ ሄደ፤ ልትዘጋው ስትል አንድ እጅ ከጎኗ ተዘረጋ።

«መስመሩን አትዝጊው» አሉ እትዬ ማናለብሽ። ስልኩን ተቀብለው፣ ያንን ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን ድምፅ አወጡ። «ሃሎ። ኦፕሬተር ነኝ። አባትህ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ እናትህ ከገበያ እስኪደርሱ መስመር የማቆይላቸው እኔ ነበርኩ። አሁን አንተ ቆይልኝ። መንገዱ ይዙር፤ ዛፉ መዞር አይችልም።»

ሰውየው ምን እንዳለ አልነገሩንም። የሰው ወሬ አያወጡም። ግን ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ፣ ንፍሮ በላ፣ ምንጯን አየ።

መንገዱ ዞረ። ዳር ላይ የነበሩ ሁለት ዋንዛዎች ግን አልተረፉም፤ በወጉ ተለቀሰላቸው። በቦታቸው ከተተኩት ኮሶዎች የአንዱ እናት ቤዛዊት ናት፤ ማሩን ስትልስ ዙሪያዋን ማን እንደሚያይ ትመለከት ነበር። ዛሬ እንጅባራ ስትመጡ ሚኒባሱ ያለ ምክንያት የሚታጠፍ የሚመስላችሁ ቦታ አለ። ሾፌሮች እዚያ ጋ ያጉረመርማሉ፤ ተሳፋሪው ግን «ማናለብሽ ኩርባ ላይ ወራጅ አለ» ይላል። እኔም እዚያ ነው የምወርደው፣ ቤቴ ወደፊት ቢሆንም።

ባለፈው ሐምሌ መናኸሪያ ውስጥ አገኘኋቸው። የዳንግላ ሰዎች ለገበያቸው ጥላ ለሆኑት ዋንዛዎች ጠርተዋቸው፣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠው፣ የማር እንስራቸውን ታቅፈው ነበር። የአበረ ጥሩምባ ከነጠላቸው ሥር ብቅ ብሏል። ቀኑ ሐምሌ አሥራ አምስት ነበር። ልጄ በሚካኤል ከተወለደች ልደቷ አልፏል ማለት ነው፤ በገብርኤል ከሆነ ገና ነው። ፍጉን አዘጋጅቼ በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ ነበር። ቀኑን የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር ማንም የለም።

«ልጅህ እንዴት ናት?» አሉኝ በመስኮቱ።

«ቀና ብዬ ነው የማያት፣ እትዬ። ዘንድሮ አበባ ሳታወጣ አትቀርም።»

«ልጅ እንዲያ ነው» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ኩራት ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ያች ቀን...»

በዚህ መሃል ረዳቱ መጥቶ እንስራውን ጣራ ላይ ልጫነው አለ። እትዬ ማናለብሽ ወደ እሱ ዞሩ፤ እጃቸውን ግን ወደ እኔ አነሡ።

«መስመር ላይ ቆይ» አሉኝ።

ሚኒባሱ ወጣ። እጃቸው እንደተነሣ፣ ከረዳቱ ጋር እየተከራከሩ፣ በማናለብሽ ኩርባ ታጥፈው ሄዱ።

እኔ ግን አልዘጋሁም።