የኦቦ ጋሩማ ናሙና

ናሙና ሳይዝ ዕቃ ሊገዛ የማይወጣ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ ንገሩኝና ዝውውር ልጠይቅ። እስካሁን አላገኘሁም። ይህ ሰው አምፖል ሲቃጠልበት የተቃጠለውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቅ ይወስዳል። ጫማ ሊገዛ ሲሄድ አሮጌውን አንድ እግር በፌስታል አንጠልጥሎ ነው። ባለሱቁ "ቁጥርህ ስንት ነው?" ቢለው ይቀየማል። ሚስቱ ሽንኩርት እንዲገዛ ብትልከው አንድ ሽንኩርት በኮቱ ኪስ ከትቶ ገበያ የሚወርደውም እሱ ነው።

የዚህ ማኅበር የበላይ ጠባቂ፣ ክቡር ኦቦ ጋሩማ፣ ነቀምቴ ጨለለቂ ውስጥ አከራዬ ናቸው። በመንግሥት እርሻ ሃያ ስድስት ዓመት ትራክተር ነድተዋል። እርሻው ሲዘጋ ከጨረታ ላይ አንድ ቀይ ትራክተር ገዝተው ግቢያቸው ውስጥ አቆሙ። ትራክተሩ በዕድሜ እኔን በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ የቆመውም መስኮቴ ሥር ነው።

ቤቱን ልከራይ የመጣሁ ቀን የበሩ ቁልፍ እንደጠፋ ነገሩኝ። "ናሙናው ቢኖር ዛሬውኑ አስቀርጽልህ ነበር" አሉ በሐዘኔታ። ናሙናው የጠፋው ቁልፍ ራሱ ነበርና ሦስት ሳምንት በሬን በገመድ እያሰርኩ አደርኩ። ጥርሳቸውን ያስነቀሉ ጊዜም የተነቀለውን በመሀረብ ቋጥረው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ዘንድ ሄዱና "እንደዚህ፣ ግን የማያም" ብለው አዘዙ። አስተማሪ ስለሆንኩ "ባርሲሳ" ይሉኛል። የትኛውንም ጉዳይ ባማክራቸው ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "ባርሲሳ፣ ናሙናውን ይዘሃል?" ሚስት ማግባት አስቤያለሁ ብላቸው እንኳ ትንሽ ካሰቡ በኋላ ይህንኑ ጠየቁኝ።

ባለፈው ታኅሣሥ ትራክተሩ ሰማያዊ ጭስ መትፋትና ዘይት መጠጣት ጀመረ። የሰፈሩ መካኒክ ሞተሩን ሲፈታው ሦስቱም ፒስተኖች አርጅተው ተገኙ። ፒስተን የሻይ ቆርቆሮ የሚያህል ብረት ነው፤ ሲሊንደር በሚባለው ክብ ቀዳዳ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል እየተመላለሰ ነው ትራክተሩን የሚያስኬደው። ከሦስቱ አንዱ አናቱ ተበልቷል፣ ሌላው ጎኑ ተጭሯል፣ ሦስተኛው ደህና ይመስላል። ኦቦ ጋሩማ ለናሙናነት ሦስተኛውን መረጡ። "የተበላውን ይዤማ ሰው ፊት አልቀርብም፣ ነውር ነው" አሉ።

በነጭ ጋዝ አጠቡት። ከዚያ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አቮካዶው ሥር ተቀምጠው በብርጭቆ ወረቀት ያሹት ጀመር። የካቲት ሲገባ ፊቴን አይቼበት ጺሜን መላጨት እችል ነበር። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ጋር በአንድ ቦርሳ ይጓዛል። አንድ እሑድ ሰባኪው መዝሙረ ዳዊትን እንግለጥ ሲሉ ኦቦ ጋሩማ ጨርቁን ገለጡ፤ የፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩ።

ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ጎረቤታችን አዴ ድርቤ ባሏ ካረፈ ወዲህ በሬዎቿን ሸጣ ነው ልጆቿን የምታስተምረው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የበቆሎ መሬት አላት። ኦቦ ጋሩማ ባሏ የተቀበረ ዕለት፣ በሰው ፊት፣ "መሬትሽን በየዓመቱ እኔ አርሰዋለሁ" ብለው ቃል ገብተውላታል። ትራክተሩ ግንቦት ሳያልቅ ካልተነሣ መሬቱን በእኩል ለሌላ ገበሬ መስጠቷ ነው፤ ያኔ ከበቆሎው ግማሹ ይሄዳል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ትጠይቃቸዋለች። እሳቸውም ቦርሳውን መታ መታ አድርገው "ናሙናው እጄ ላይ ነው" ይሏታል።

ናሙናውስ እጃቸው ላይ ነበር። የጠፋው በልኩ የተሠራ ወንድሙ ነው። ጫንያለው የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ ሦስት ፒስተን ከነካርቶኑ አወጣላቸው። ኦቦ ጋሩማ ከመንግሥት እርሻው የቀረች የመለኪያ መቆንጠጫ አለቻቸው፤ አፏን በናሙናው ልክ አጥብቀው አዲሱ ላይ ሞከሩ፣ አላልፍ አለች። "ወፍራም ነው" ብለው መለሱለት። በመጋቢት ተመልሰው ሄደው እነዚያኑ ለኩ። "ይኸውልህ፣ ከበፊቱም ወፍሯል" አሉት። ጫንያለው ካርቶኑን ዘግቶ፣ "ጋሼ፣ እኔ ምንም አላበላሁትም" አለ።

አንድ ቅዳሜ ተያይዘን ቢላ ከተማ ወረድን። እዚያ የተገኘውም ወፈረ። ኪራሙ አንድ ሰው ቤት አለ ሲባል ግን ወደ ቤታችን ተመለስን፤ ተኩስ በማይጠፋበት በዚያ መንገድ ለፒስተን ብሎ የሚሄድ የለም። ሚያዝያ ሙሉ የአገሩ ፒስተን በሙሉ ሲወፍር ከረመ። መካኒኩ ብረት ለክተው ወደሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት እንዲሄዱ ደጋግሞ ነግሯቸው ነበር፤ "ናሙና እያለኝ ቶርኖ ቤት ምን እሠራለሁ?" ነው መልሳቸው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ እሑድ፣ አዴ ድርቤ ስለ ትራክተሩ ሳትጠይቅ ቀረች። "ኦቦ ጋሩማ፣ እንግዲህ አይጨነቁ" አለቻቸው ቀስ ብላ። "መሬቱን በእኩል የሚያርሰው ሰው ሐሙስ ይመጣል። እርስዎ ያልቻሉትን ማን ይችላል?" ይህን ያለችው ከልቧ ነው፣ የከፋውም እሱ ነው። ኦቦ ጋሩማ ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ አቮካዶው ሥር አልተቀመጡም። ሰኞ ጠዋት በሬን አንኳኩተው "ባርሲሳ፣ ከክፍል ስትወጣ ቶርኖ ቤት አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አሉኝ። ብቻቸውን መሄድ አፍረው ነው።

የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ሸዋገነት የቱታዋን እጅጌ ሰብስባ ናሙናውን ከነጨርቁ ተቀበለች። በማይክሮሜትር ከላይ ለካችው፣ ከታች ለካችው፣ ቀና ብላ አየቻቸው።

"አባባ፣ ይሄን ምን አደረጉት?"

"አጸዳሁት።"

"በምን?"

"በብርጭቆ ወረቀት።"

"ስንት ቀን?"

ኦቦ ጋሩማ እኔን አዩኝ። "ከታኅሣሥ ጀምሮ" አልኩ፣ ተማሪዬን የማሳጣ እየመሰለኝ።

ሸዋገነት አልሳቀችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። "አባባ፣ ይሄ ከስቷል" አለች። "በዚህ ልክ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። ደግሞ ፒስተን በፒስተን አይመረጥም፤ የሚገባበት ነው የሚለካው። ሲሊንደሩን ያምጡልኝ።"

የሞተሩን አካል በጋሪ ጭነን አመጣንላት። ሲሊንደሮቹ በዘመናቸው ብዛት ሰፍተዋል። አስተካክላ ብትቦረቡራቸው አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ፒስተን እንደሚፈልጉ ተናገረችና ልኩን በቁራጭ ወረቀት ጻፈችልን። ወረቀቱን ይዘን ጫንያለው ዘንድ ሄድን። አነበበው፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ያንኑ ካርቶን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለት ጊዜ የመለሱት ነው። ኦቦ ጋሩማ መቆንጠጫቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ቦርሳው ሰደዱ፣ ከመንገድ መለሱት። "እንዳለ ጠቅልልልኝ" አሉ።

ሸዋገነት ማክሰኞ ጨረሰች፣ መካኒኩ ረቡዕ ገጠመ፣ ትራክተሩ ሐሙስ ማለዳ መስኮቴን አንቀጥቅጦ ተነሣ። በእኩል ሊያርስ የመጣው ገበሬ ሲደርስ ከመሬቱ ግማሹ ተገልብጦ ነበር፤ ዳር ላይ ቆሞ ጥቂት አየና ሰላምታ ሰጥቶ ተመለሰ። አዴ ድርቤ ከትራክተሩ ኋላ በአዲሱ ትልም ላይ በባዶ እግሯ እየሄደች "ገለቶማ፣ ገለቶማ" እያለች ታመሰግናቸዋለች። ኦቦ ጋሩማ ዞር ብለው አላዩአትም። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ያየሁት የጎማው መከላከያ ላይ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በሰኔ መጨረሻ ዝውውሬ መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ትራክተሩን በጠላሁበት ሰሞን፣ እናቴ ወዳለችበት ደብረ ማርቆስ ጠይቄ የረሳሁት ነው። ስነግራቸው "ጥሩ ነው፣ እናት ትበልጣለች" ብለው ትራክተሩን ሊወለውሉ ሄዱ።

ከዚያ ቤቱን ሊከራዩ ሰዎች ይመጡ ጀመር። አንድ የባንክ ሠራተኛ መጣ፣ ተመለሰ። አንዲት ነርስ መጣች፣ ተመለሰች። ሦስተኛው ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ መስኮቴ ሥር ቆመው ሲያነጋግሩት ውስጥ ሆኜ መጽሐፎቼን እየጠቀለልኩ ሰማሁ።

"እዚህ የነበረው ባርሲሳ" አሉት፣ እኔ እዚሁ እያለሁ፣ "አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ስለ ጭሱ አንድ ቀን አላማረረም። ለአዴ ድርቤ ውኃ የሚቀዳላት እሱ ነው። አንተ እንደሱ ነህ?"

እጄ ላይ የነበረውን መጽሐፍ አስቀመጥኩ። ስለ ጭሱ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ለአዴ ድርቤ ውኃ የቀዳሁት አንድ ቀን ነው፣ ያውም ግማሹን ደፍቼዋለሁ። ሰውየው በየቀኑ ሲያሹኝ ከርመዋል ማለት ነው። በዚህ ልክ የተሠራ ተከራይ በወለጋ ምድር አይገኝም።

ወጥቼ "ኦቦ ጋሩማ፣ ሸዋገነት ምን አለች? የሚገባበት ነው የሚለካው" አልኳቸው። ወጣቱ ምንም አልገባውም።

እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። መሬት መሬት እያዩ፣ "ኤዬ፣ አውቃለሁ" አሉ። "አንተ ስትሄድ የሚቀረውን ክፍት ቦታ በምን ልለካው፣ ባርሲሳ ኮ?"

"ባርሲሳ ኮ" ማለት የእኔ አስተማሪ ማለት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ "ኮ"ዋን ጨምረው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ልላቸው ፈልጌ በምትኩ የትራክተሩን ጎማ በእግሬ መታ መታ አደረግኩ።

ማግስቱን እህቴ ከደብረ ማርቆስ ደወለች። ጥሩ ቤት አግኝታልኛለች፤ አከራዩ ዝምተኛ፣ ግቢው ጸጥ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። አመሰገንኳት። ከዚያ፣ አፌን ሳልይዘው፣ ግቢው ውስጥ ትራክተር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።