ጋሽ ሽታው ከድንኳን ሲሰናበቱ

በየሰፈሩ፣ ጡረታ መውጣቱን አገር ሁሉ ሰምቶ እሱ ብቻ ያልሰማ አንድ ጡረተኛ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ የቤት ኪራዩን ሳልጠይቅ እገባለሁ።

የእኛው፣ የሐይቅ ከተማው፣ ክቡር ጋሽ ሽታው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመናኸሪያ ተቆጣጣሪነት ነው። በደሴና በወልድያ መካከል የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ድምፃቸውን ያውቃል። መሥሪያ ቤታቸው በጭብጨባ፣ በጋቢና በአንድ የግድግዳ ሰዓት ከሸኛቸው ቆይቷል። እሳቸውም ጋቢውን ለበሱ፣ ሰዓቱን ሰቀሉ፣ በማግስቱ ቁጥጥሩን ወደ ሰፈር አዛወሩት።

ሠርግ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ከተቀመጥን ከፊታችን ይገተራሉ። “ትርፍ ነው! አንድ ሰው ይውረድ!” የሙሽራ መኪና እንኳ አይምሩም፤ ጎንበስ ብለው በመስኮት ይቆጥራሉ። አንዷን ሚዜ አስወርደዋት በሠርጉ ፎቶ ላይ እስከ ዛሬ የለችም።

ባጃጅ የሚነዳው ሙዓዝ በደጃፋቸው ላለማለፍ በሐይቁ ዳር ይዞራል። “ትራፊክ ፖሊስ በአላህ ስም ይለመናል፤ ጋሽ ሽታውን በማን ስም ልለምን?” ይላል።

እኔም አልቀረልኝም። ልጄን ሪታጅን አዝዬ፣ በአንድ እጄ የዓሣ ፌስታል፣ በሌላው ጀሪካን ይዤ ስመጣ አስቆሙኝ።

“ረቢያ፣ ይሄ ጭነት ሚዛን አልጠበቀም።”

“ታዲያ የቱን ላውርድ ጋሼ? ልጅቷን?”

አሰቡ። ወላሂ አሰቡ! ከዚያ ጀሪካኑን ተቀበሉኝና “ፍጥነት ቀንሺ!” እያሉ እስከ ቤቴ ከኋላዬ ተከተሉኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ስህን ደግሞ ማጀት ድረስ እየገቡ “ተራሽን ጠብቂ!” ቢሏት መረራት። “እኔ ያገባሁት እኮ ማታ ማታ የሚመጣ ባል ነበር!” ትላለች።

ነገር የመጣው በቅሬ ስብሰባ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሙስሊም ክርስቲያኑ አንድ ድንኳን ሥር ይላቀሳል። ድንኳን ሲተከል ጋሽ ሽታው ከጎረምሳ እኩል የብረቱን ቋሚ ይሸከማሉ። በቅርቡ በነበረ ለቅሶ ግን ቋሚው እሳቸውን ተሸከማቸው ማለት ይቀላል፤ ወዲያ ወዲህ ሲያንገዳግዳቸው ቆይቶ ሁለት ለቀስተኛና አንድ ድስት ወጥ ይዘው ወደቁ።

ስለዚህ የቅሬው ዳኛ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ሊያከብሯቸው ብድግ አሉ። “ጋሽ ሽታው ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ነፃ ናቸው። ወንበር ይሰጣቸውና ተቀምጠው ይመርቁን።” ወጉ ነው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ይቀመጣል። ተጨበጨበ።

ጋሽ ሽታው ጭብጨባውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ጋቢውስ?” አሉ።

“የቱ ጋቢ?”

“አጨብጭባችሁ ስታበቁ ጋቢ ታመጡ ይሆናላ! ያኛውም እንዲሁ ነው የጀመረው።”

ማንም አልሳቀም።

“አባቴ አምባሰል ላይ ገበሬ ነበር” አሉ፣ ቆመው። “ሞፈሩ ሲከብደው ዘር በተነ። እጁ ሲዝል ማሳ ዳር ተቀምጦ ዝንጀሮ ጠበቀ። ዓይኑ ሲደክም ደግሞ ደጃፍ ላይ ሆኖ ‘አዝመራው እንዴት ነው?’ እያለ ጠየቀ፤ እኛም መልስ እንሰጠው ነበር። በዝግታ ወረደ እንጂ ማንም አልወረወረውም። እኔን መንግሥት አንዴ ወርውሮኛል። እናንተ ደግሞ ልትደግሙኝ? ከቋሚው አውርዱኝ፣ እሺ። የምረግጠው እርከን ግን ስጡኝ።”

ሐጂ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

“ገመድ አለ” አሉ በመጨረሻ።

“የምን ገመድ?”

“የድንኳኑ ነዋ! አንዱን ጫፍ ወጥሮ የሚይዝ የታመነ ሰው ያስፈልገናል።”

አያስፈልገንም። ድንኳናችን የብረት ቋሚ ከተገዛለት ወዲህ በገመድ አይያዝም። ይህን የማያውቅ ሰው በቅሬው ውስጥ የለም፤ ትንፍሽ ያለም ግን አልነበረም። ጎረምሶቹ እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

ጋሽ ሽታው ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። “እይዛለሁ” አሉ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የዑምኩልሱም እናት አረፉ። ድንኳኑ ያለ ጋሽ ሽታው ትከሻ ቶሎ ተተከለ፤ እውነቱን ለመናገር ከወትሮው ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። እሳቸው ደግሞ ገመዱን በመግቢያው ፊት ዝቅ አድርገው፣ አግድመው ወጥረው ቆሙ። አንደኛው ጫፍ ድንኳኑ ላይ ታስሯል፣ ሌላኛው ጫፍ እሳቸው እጅ ላይ ነው። ሰው ገብቶ ተቀምጦም አልለቀቁም።

“ገመድ አለ! እግር ይነሳ!”

ሼኩም ቄሱም ቀሚሳቸውን ሰብስበው በላዩ ተራመዱ። እኔ ሪታጅን አዝዬ እግሬን እስከ ጉልበቴ ድረስ አነሳሁ። ያን ያህል ማንሳት አያስፈልግም ነበር።

“ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው እንጂ!” አሉኝ ጋሽ ሽታው።

ከደሴ የመጡት የሟች ዘመዶች ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ፣ የሐይቅ ሰው የለቅሶ ወግ መስሏቸው እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። በጎን በኩል ገብተው የተቀመጡት ሳይቀሩ ተነስተው ወጡ፤ ከገመዱ ፊት ተሰልፈውም እግራቸውን ከፍ፣ ከፍ እያደረጉ እንደገና ገቡ።