ግድግዳው ሳያልቅ ሽማግሌ አይገባም

ሰው ቤቱን ሲያሳድስ ጠባዩ ይወጣል። እኔ ለምሳሌ ቆራጥ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ ሲያወላውል "ወይ ሀ በል ወይ ለ፣ ጨርስ" እያልኩ ነው የኖርኩት። የገዛ ሳሎኔ ግድግዳ ፊት ስቆም ግን ሀም ለም ጠፋኝ።

ቤታችን እዚሁ አሶሳ፣ በቀርከሃና በጭቃ የተሠራ፣ በላዩ ሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ቀለሙ ያብጥና ይላጣል። እኛም የተላጠው ቦታ ላይ ወንበር እያስጠጋን ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ታዲያ ምን መጣ? ልጄ ሰላም፣ ግልገል በለስ የሚሠራ አንድ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን በእናቷ በኩል አስነገረችኝ። እኔም ደስ ይለኛል አልኩ። ግን እንዲህ በተላጠ ግድግዳ ፊት የሰው ሽማግሌ አላቆምም፤ መጀመሪያ ሳሎኑ ይለቅ አልኩ። ምን ክፋት አለው? የማንም አባት የሚለው ነው።

ቀለም ቀቢው ሐሩን ተጠራ። ሐሩን የበርታ ሰው ነው፤ ሥራው ንጹሕ፣ ንግግሩ አጭር። ስቱኮ አለ፣ ለስላሳው። ኳርትዝ አለ፣ ሲነኩት አሸዋ አሸዋ የሚለው። ዎልፔፐር አለ፣ የሚለጠፈው። ምረጥ አለኝ። ናሙና ሳላይ እንዴት እመርጣለሁ? ሦስቱንም ክንድ ክንድ አድርጎ ግድግዳው ላይ ሠራልኝ።

ስቱኮው ጠዋት ሲያዩት ያምራል፤ ከሰዓት ፀሐይ ሲገባ ግን የግድግዳውን ጉብታ ሁሉ ያሳብቃል። ኳርትዙን ወደድኩት ስል ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ መጡና፣ በዚህ ላይ የተደገፈ ሰው ጋቢው ይተለተላል አሉ። ዎልፔፐሩንም እሳቸው ናቸው በአሶሳ ዝናብ አንድ ክረምት አይዘልቅም ያሉት። እሺ፣ ስቱኮው በክሬም ቢሆንስ? ኳርትዙ ትንሽ ቢደምቅስ? እንዲህ እንዲህ እያለ ናሙናው ስምንት ደረሰ። ሁለት ወርም አለፈ። ሳሎናችን የተጣጣፈ ሱሪ መሰለ።

ሐሩን አንድ ቀን ብሩሹን አስቀመጠና ቁጭ አለ።

"ጋሼ፣ ወላሂ ኳርትዝ ጥሩ ነው። ስቱኮ ጥሩ ነው። ግድግዳ ችግር የለውም። አንተ ነው ችግር።"

ባለቤቴ አስቴር በሳቅ ሞተች። ሐሩን ከሄደ በኋላ ግን አልሳቀችም። "የቸገረህ ቀለሙ አይደለም። ግድግዳው ካለቀ ልጅቷ ልትሄድብህ ነው" አለችኝ። ተቆጣሁ። ተቆጥቼም ዘጠነኛ ናሙና ላዝ ወጣሁና ከበራፉ ተመለስኩ።

ምን ልዋሻችሁ፣ እውነቷን ነው። ግልገል በለስ ቅርብ አይደለም፤ አባይን ተሻግሮ ነው። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ስበረብር ዝም ብላ አይታኝ፣ አይታኝ፣ በመጨረሻ የምትስቅብኝ ሰላም ናት። እሷ ከሄደች ማን ይስቅብኛል? እናቷማ መነጽሬ ሲጠፋ ትቆጣለች እንጂ አትስቅም።

አስቴር ለካ ለእኔ ሳትነግረኝ ለሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጣ ልካላቸው ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት አዛውንት በሬ ላይ ደረሱ። ገቡ። እንደ ደንቡ፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። የቆሙት ደግሞ ልክ ናሙናዎቹ ፊት ለፊት። ጉዳያቸውን ተናገሩ። አሁን ደንቡ የእኔ ነው፤ ዘመድ ላማክር ብሎ ቀን መቅጠር። ሁለት ወር ልላቸው አስቤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ቀደሙኝና ይሄ በግድግዳው ላይ ያለው ምንድነው ብለው ጠየቁ። አስቴር ቀለም እየመረጥኩ መሆኑን፣ ሁለት ወር እንደሆነኝ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ስምንቱንም አንድ በአንድ አዩ። ከጓደኞቻቸው ጋር ተንሾካሾኩ።

"መምህር፣ ለቀለም ሁለት ወር ከፈጀብዎ፣ ለሙሽራ ቀን ቢቀጥሩን እኛ በሕይወት አንደርስበትም። መንገዱን ያውቁታል፣ ዕድሜያችንንም ያዩታል። ዛሬውኑ ይንገሩን።"

ከመጋረጃው ጀርባ ሰላም ስትስቅ ሰማኋት። ያንን ሳቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ የመነጽሩ ሳቅ ነው። አንጀቴን በላችው። እሺ ይሁን አልኩ። እትዬ ብርቄ እስከ ዛሬ፣ ቀን ሳይቀጥር ልጁን የሰጠ አባት እያሉ ለመንደሩ ያወሩልኛል።

ሠርጉ በስምንቱ ናሙና ፊት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ሰላም ደወለች። ቤታቸው ልስኑ አልቋል፤ ባሏ ኳርትዝ ይላል፣ እሷ ዎልፔፐር። አባዬ፣ የቱ ይሻላል አለችኝ።

ይሄ በስልክ የሚወሰን ነገር ነው? ስምንት ናሙና አሠሪና ጠብቂኝ አልኳት። ጠዋት መታየት አለበት፣ ከሰዓት መታየት አለበት፣ ዝናብ ሲመታውም መታየት አለበት። ትምህርት ቤት እንደሁ ለክረምት ተዘግቷል። ሻንጣዬን አሰናድቻለሁ። ሐሩን ብሩሹን ይዞ የእኔን መሄድ ይጠብቃል፤ ቀለሙን አስቴር መርጣ ጨርሳለች፣ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባትም።

ለስንት ቀን ነው የምትሄደው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቄ? እንደ ግድግዳው ነው።