የክቡር አቶ ሙህዲን ትንቢትና የአሻ ቲማቲም

የትም ቀበሌ ሂዱ፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ "ነግሬ ነበር" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ወፍጮ የሌለው መንደር ይኖራል፣ መብራት ያልገባበትም ይኖራል፤ ይህ ሰው የሌለበት ግን እስካሁን አልተገኘም። በጨፋ ሮቢት ዳር፣ አሻ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ብቻዋን በመስኖ ቲማቲም በምታለማበት ሰፈር፣ ሥልጣኑን የያዙት ክቡር አቶ ሙህዲን ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም አይሽራቸውም።

የአሻ ጤፍ ታጭዶ ሳይከመር ዝናብ ሲመታው፣ ክቡርነታቸው ከወሰኑ ማዶ ካለው ከራሳቸው ማሳ ቆመው "ነግሬሽ ነበር" አሉ። ላሟ መንታ ወልዳ አንዱ ሲሞትም "ነግሬሽ ነበር"። የወንድሟ ልጅ ባቲ ገበያ ላይ ስልኩን ሲሰረቅ እንኳ፣ እሳቸው ባቲን ከረገጡ ዓመታት አልፈው ሳለ፣ ነግረው ነበር። መቼ? የት? አሻ አንድ ቀን ጨክና ጠየቀቻቸው። "አንቺ አትሰሚም እንጂ እኔስ ነግሬሽ ነበር" አሏት። ይህም መልስ ሆኖ ደሟን አፈላው።

የዘንድሮው ግን ከሁሉም ባሰ። የግብርና ባለሙያዋ ኢልሃም በውሃ የሚበጠበጥ አዲስ ዱቄት ይዛ መጣች። "እትዬ አሻ፣ ይሄ ዱቄት በሽታውን አይገድልም፤ ተክሉን ነው የሚቀሰቅሰው። ቲማቲሙ በሽታ የመጣበት ይመስለውና ራሱን ያጠነክራል። የሚረጨው ግን ገና ጤነኛ ሳለ ነው። ከታመመ በኋላ ምንም አይሠራለትም።" ለማነጻጸር እንዲሆንም፣ በሙህዲን የቲማቲም ማሳ ወሰን በኩል ያሉት የአሻ አራት መስመሮች ሳይረጩ እንዲቀሩ አሳሰበች።

አሻ ራሷ አመንትታ ነበር። ዓምና በኅዳር ጉም ተከትሎ የመጣው በሽታ ማሳዋን በአንድ ሳምንት አጥቁሮ ባዶ እጇን አስቀርቷታል። ዘንድሮ ከደገማት መሬቱን ለሌላ ሰጥታ ከሚሴ ከተማ ሰው ቤት መቀጠሯ ነው። ያም ሆኖ ያልሞከሩትን ነገር ማመን ከባድ ነው። ምናልባት ትተወው ነበር፣ ክቡርነታቸው ባይስቁ።

"ወላሂ፣ ጤነኛ ቲማቲም ስታክም አየኋት! ደህና ሰው ምን በወጣው ኪኒን ይውጣል?" እያሉ ወፍጮ ቤት ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ አዳረሱት። ከመስጊድ የሚወጣው ሁሉ "አሻ፣ ቲማቲምሽ ተሻላት ወይ?" ይላት ጀመር።

"ጋሽ ሙህዲን፣ ዱዓ የምናደርገው ከታመምን በኋላ ብቻ ነው እንዴ?" አለቻቸው።

"ዱዓና ዱቄት ምን አገናኘው? አብሽሪ፣ አላህ ያሽርልሽ" ብለው ጭራሽ ሳቁባት።

በዚያው ንዴት መርጫውን በጀርባዋ አዝላ ከአራቱ መስመሮች በቀር ማሳውን አዳረሰች። ኢልሃም ከሳምንት በኋላ ድገሚው ስትላትም ደገመችው። ስትረጭ ዓይኗ ላይ የነበረው በሽታው ሳይሆን የሙህዲን ጥርስ ነው።

ኅዳር ሲጋመስ ጉሙ ቦርከና ወንዝ ላይ ሦስት ቀን ተኛ። በአምስተኛው ቀን የሙህዲን ቲማቲም ቅጠሉ ጠቆረ፤ ያልተረጩት አራት መስመሮችም ተከተሉ። የቀረው የአሻ ማሳ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ወጣበት እንጂ ቀጥ ብሎ ቆመ። አሻ አልሐምዱሊላህ አለች። ወዲያው ያሰበችው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ነው፦ "ነግሬዎት ነበር" የማለት ተራ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሳት።

ኢልሃም ማሳውን አይታ ደስታዋን አቀዘቀዘችው። "ያንቺ ተክል በርትቷል፤ ግን አቅሙ ልክ አለው። የጎረቤትሽ እንዲህ ታሞ አጠገቡ ከሰነበተ አይችለውም። መነቀል አለበት።" ለለቀማ ጥቂት ቀን የቀረው የሙህዲን ፍሬ ገና ተንጠልጥሏል። ከነፍሬው ይንቀሉት ብሎ ማን ይንገራቸው? ያን ሁሉ ስቀውባት፣ አሁን ደግሞ ማሳዋን ሊያስበሏት! አሻ እንቅልፍም አልወሰዳት። በማለዳ የምትናገረውን እያሰናዳች ሄደች።

ሙህዲን ቀድመዋት ማሳቸው ላይ አጎንብሰዋል። ታመመ ደህና ነው ሳይሉ፣ ቲማቲሙን ከነፍሬው እየነቀሉ ጉድጓድ ውስጥ ይከምሩታል። የጀመሩት ከእሷ ወሰን ነው፤ አራቱን የእሷን መስመሮችም ሳያስፈቅዱ ነቅለው ጨርሰዋል። ሽርጣቸው በጤዛ ርሷል።

"አከም ቡልቴ፣ አሻ" ብለው ቀና ሳይሉ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሏት።

"ነገያ፣ ደህና ነኝ። ምን እየሠሩ ነው፣ ጋሽ ሙህዲን?"

"አታዪም? የኔስ አለቀለት። ያንቺን ለምን ይዞት ይሂድ? ወዳንቺ ሳይሻገር እነቅለዋለሁ ብዬ ነግሬሽ አልነበር?"

አልነገሯትም። ወላሂ አልነገሯትም። አሻ ምላሷ ጫፍ የደረሰውን ቃል ዋጠችው፤ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና አጠገባቸው አጎንብሳ መንቀል ጀመረች።

ቲማቲሟ ቀልቶ ገበያ በወጣ ቀን፣ ክቡርነታቸው ከሣጥኖቿ አጠገብ ቆመው ለከበባቸው ሰው ያስተምራሉ። "ገና ጤነኛ ሳለ ነው የሚረጨው! ተክሉን ይቀሰቅሰዋል! ለአሻ ቀድሜ ነግሬያት ነበር።"

አሻ ጥርሷን ነከሰች። ሲስቁባት የከረሙት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

"እውነት ነው አሻ? ነግረውሽ ነበር?" አላት ወፍጮ ቤት ዋና ሳቂ የነበረው አቡበከር።

ሙህዲንን አየቻቸው። ዘንድሮ ገበያ ያወጡት አንድ ቲማቲም እንኳ የላቸውም። የሷን ሣጥን ደግፈው ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው መልሷን ይጠብቃሉ።

"አዎ" አለች አሻ፣ "ነግረውኝ ነበር።"