የማኅበራችን ስውር አስተያየት ሰጪ

[ከቁልፍ መሥሪያ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። ቅዳሜ ከሰዓት። ግድግዳው ላይ «የጀማሪና የበሳል ጸሐፊዎች መረዳጃ ማኅበር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በሳል የተባሉት ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ጀማሪው የሱቁ ባለቤት ቁልፍ ሠሪው ነው። ሌላ አባል የለም። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተሸነቆረ የጫማ ካርቶን አለ።]

ሊቀመንበር፦ ከስድስት ወር በፊት ዕጣ ባወጣን ዕለት ካርቶኑን ነቅንቀኸዋል ወይስ አልነቀነቅኸውም?

ቁልፍ ሠሪ፦ ነቅንቄዋለሁ ጋሼ።

ሊቀመንበር፦ ስንቴ?

ቁልፍ ሠሪ፦ ሦስቴ።

ሊቀመንበር፦ ይኸው! ደንቡ ሰባት ጊዜ ነው የሚለው! ሰባት ጊዜ ካልተነቀነቀ ዕጣው አይቀላቀልም።

ቁልፍ ሠሪ፦ ውስጡ የነበረው እኮ ሁለት ድርሰት ነው። የእኔና የእርስዎ፤ አንድ አንድ አውጥተን አስተያየት ልንጽፍበት።

ሊቀመንበር፦ ሁለት ስለሆነ ነዋ! ብዙ ቢሆን ኖሮ በራሱ ጊዜ ይቀላቀል ነበር።

ቁልፍ ሠሪ፦ [በአድናቆት] ከእርስዎ ጋር አንድ ቅዳሜ የቀረበት ሰው ስንት ነገር ያመልጠዋል!

ሊቀመንበር፦ አታሞግሰኝ፣ ተናድጃለሁ። [አንድ ወረቀት ያወዛውዛሉ] ይሄን ስማ። ስለ እኔ ድርሰት የተሰጠ አስተያየት ነው። «ይህ ጸሐፊ ለማስተማር ይቸኩላል። ባለታሪኩ ገጽ አራት ላይ በሩን ሊከፍት ተነሣ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ገና አልከፈተም። በመሀል ስለ በር ምንነት ትምህርት ተሰጠን።»

ቁልፍ ሠሪ፦ ውይ! ቁልፉ ጠፍቶበት ይሆን? እኔ ብጠራ እኮ በሁለት ደቂቃ እከፍትለት ነበር።

ሊቀመንበር፦ ዝም በል! «ጸሐፊው ዕውቀቱን ትቶ ሰውየውን ቢያሳየን መልካም ነው» ይላል። እኔን! ሠላሳ ዓመት መዝገብ ያገላበጥኩትን!

ቁልፍ ሠሪ፦ ማን ነው እንዲህ ያለው?

ሊቀመንበር፦ አንተ ነሃ! ሌላ ማን አለ?

ቁልፍ ሠሪ፦ ጋሼ፣ ደንቡ እኮ «አስተያየቱን ማን እንደጻፈው መገመት ክልክል ነው» ይላል። እኔ ራሴን አልገምትም።

ሊቀመንበር፦ ይሄ ለአባላት ነው። እኔ አጣሪ ነኝ። ብቻ እወቀው፣ ይሄን የጻፈው ሰው ካልተገኘ ማኅበሩን ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ። ካርቶኑንም ለጫማ እመልሰዋለሁ።

ቁልፍ ሠሪ፦ [ደንግጦ] ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ! ቤት ለሚስቴ ሳነብላት ሁለተኛው መስመር ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ወንድሜ ደግሞ «አንተ ቁልፍህን ብቻ ቅረጽ» ይለኛል። እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ ሰው ያለው እዚህ ብቻ ነው። ይሄን ከዘጉብኝ ቅዳሜ ሲመጣ ምን ልሆን ነው?

ሊቀመንበር፦ እንግዲያው እመን።

ቁልፍ ሠሪ፦ ያላደረግኩትን? እስቲ ጽሑፉን ያሳዩኝ። [ያያል] አሃ! ይሄ የእኔ እጅ አይደለም። ፊደሉ ተንጋዷል።

ሊቀመንበር፦ መንጋደድማ አለበት። አስተያየት ሰጪው እንዳይታወቅ ሁሉም በግራ እጁ እንዲጽፍ ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ቁልፍ ሠሪ፦ እኔ እኮ ግራኝ ነኝ።

ሊቀመንበር፦ [ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው ያስጠጋሉ]

ቁልፍ ሠሪ፦ በግራዬ ስጽፍ እንደ ማተሚያ ቤት ነው። ይኸው፣ ይዩት። [በግራው አንድ መስመር ይጽፋል]

ሊቀመንበር፦ [መነጽራቸውን አውልቀው ያጠልቃሉ] እውነትም ያምራል። ስለዚህ አንተ አይደለህም። እኔም አይደለሁም።

ቁልፍ ሠሪ፦ እርስዎማ እንዴት ይሆናሉ!

ሊቀመንበር፦ እንግዲህ ሦስተኛ ሰው አለ!

ቁልፍ ሠሪ፦ [ብድግ ብሎ] ማኅበራችን አድጓል ማለት ነው? ሦስት ሆንን? እሰይ!

ሊቀመንበር፦ ምኑ ነው እሰይ? ሰውየው ተደብቆ ይገባል፣ አስተያየት ይሰጣል፣ ምንም ሳይሰርቅ ይወጣል። እንዴት ያለ ጨካኝ ነው!

ቁልፍ ሠሪ፦ ቆይ፣ ቆይ። በእኔ ቁልፍ ነው የገባው? በራሴ እጅ በሠራሁት? ጉድ ሆንኩ! ደንበኞቼ ቢሰሙ ማን ይመጣልኛል?

ሊቀመንበር፦ ለዚህ ነው ፈጥነን የምናባርረው።

ቁልፍ ሠሪ፦ ሳናየው?

ሊቀመንበር፦ ብናየው ልናዝንለት እንችላለን። ቃለ ጉባኤ ጻፍ። «ይህን አስተያየት የጻፈ ማንኛውም ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን፣ ከዛሬ ጀምሮ ከማኅበሩ ተባሯል።»

ቁልፍ ሠሪ፦ [እየጻፈ] ... ተባሯል። ጋሼ፣ ትንሽ መመለሻ መንገድ ብንተውለት? መረዳጃ ማኅበር ነን እኮ።

ሊቀመንበር፦ ልበ ሰፊነቴ ይታወቅ። «መመለስ ቢሻ ግን በአንድ መካሪ ሥር ሁለት ዓመት እንደ ጀማሪ ይማር። መካሪውን ሊቀመንበሩ ይመርጥለታል። ይግባኝ የለውም።» አምጣ ልፈርም። [ይፈርማሉ፤ በማኅተሙ ላይ ትንፋሻቸውን እፍ ብለው ሁለት ጊዜ ይመታሉ] ተገላገልኩ!

ቁልፍ ሠሪ፦ የእኔ አስተያየት ሰጪ ግን እንዲህ አላደረገኝም። ወረቀቴን ዛሬ ከፍቼ ሳነበው ዕንባዬ መጣ። «ይህ ሰው ገና ይፍገመገማል፣ ግን አጠገቡ የሚቆም ሰው ካገኘ ይጽፋል» ይላል።

ሊቀመንበር፦ [እየተኩራሩ] የጻፈልህን ሰው ብታውቀው! ደንቡ ይከለክለኛል እንጂ...

ቁልፍ ሠሪ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ሊቀመንበር፦ ምን?

ቁልፍ ሠሪ፦ በዕጣው የደረሰኝ የራሴው ድርሰት ነበር። ድርሰቱ በታይፕ የተመታ፣ ከጀርባው ያለው ስማችንም ወረቀት ተለጥፎበት የተሸፈነ ቢሆንም፣ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳየው አወቅሁት። ግን መገመት ክልክል ነው፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ደግሞ «ሁሉም ነገር ስድስት ወር ይቀዝቅዝ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። እኔም ረስቼው ነበር። ዛሬ ሳነበው እንዴት ያለ ሰው ቢሆን ነው አልኩ።

ሊቀመንበር፦ የራስህን ድርሰት ራስህ አነበብክ?

ቁልፍ ሠሪ፦ አዎ።

ሊቀመንበር፦ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ሁለት ነው።

ቁልፍ ሠሪ፦ ሁለት ብቻ።

ሊቀመንበር፦ አንተ የራስህን ካወጣህ... እኔ ያወጣሁት...

[ሊቀመንበሩ ብዕሩን ወደ ግራ እጃቸው ያዛውሩና «በር» ብለው ይጽፋሉ። ከአስተያየቱ ጋር ያስተያዩታል። ወንበራቸው ላይ ዘፍ ይላሉ።]

ቁልፍ ሠሪ፦ ምነው ጋሼ? ውሃ ላምጣ?

ሊቀመንበር፦ እኔ... የጻፍኩትን ደግሜ አላነብም። ደግሞ ማንበብ የጀማሪ ሥራ ነው እያልኩ። ትዝ ይለኛል፣ ያን ድርሰት ሳነብ «ይሄ ልጅ ምን ያህል ያደክማል» ብዬ ነበር። አንተ መስለኸኝ። አፈርኩ፣ በእውነት አፈርኩ።

ቁልፍ ሠሪ፦ [ቀስ ብሎ ቃለ ጉባኤውን ያነሳና ያነባል] «ማዕረጉ ምንም ይሁን...»

ሊቀመንበር፦ አንብበው አላልኩህም!

ቁልፍ ሠሪ፦ ጋሼ፣ ተባረዋል እኮ።

ሊቀመንበር፦ ቅደደው።

ቁልፍ ሠሪ፦ ማኅተም አለበት። ሁለት ጊዜ ነው የመቱት።

ሊቀመንበር፦ ይግባኝ እላለሁ!

ቁልፍ ሠሪ፦ የለውም ይላል። ሊቀመንበር ስለሌለን ደግሞ አሁን መምረጥ አለብን። ራሴን ጠቁሜያለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ። [ግራ እጁን ያወጣል] የሚቃወም አባል? የለም። በሙሉ ድምፅ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ እኔስ? ቅዳሜ የት ልሂድ? ቤት ያሉት ልጆቼ ገና አፌን ስከፍት ነው የሚበታተኑት። እኔን የሰማኝ አንተ ብቻ ነህ።

አዲሱ ሊቀመንበር፦ ኧረ ማን ይሂዱ አለ! በአንድ መካሪ ሥር ሁለት ዓመት፣ እንደ ጀማሪ። መካሪውን የምመርጠው እኔ ነኝ። እኔን መረጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቼዎታለሁ፣ አሁንም እሰማዎታለሁ። [ወንበሩን ወደ እሳቸው ያስጠጋል] በሉ፣ ብዕር ይያዙ። ሰውየው በሩን ይክፈት።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ [ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ፤ በፈራ ድምፅ] «ሰውየው በሩን ከፈተ። እናቱ ቆማ ነበር።»

አዲሱ ሊቀመንበር፦ [ጉንጩን ይጠርጋል] ጋሼ! ከዚያስ? ምን አለችው?

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ወደድከው? በእውነት? እኔ እኮ ገና... እንዲህ በአንድ ምክር ይስተካከላል ብዬ አላሰብኩም።

አዲሱ ሊቀመንበር፦ እኔማ ምን አደረግኩ፣ የዚያን ሰው አስተያየት ነው የደገምኩልዎት። እንዴት ያለ መካሪ ነበር! ምን ዋጋ አለው፣ አንብቦ በማይገባው ሊቀመንበር እጅ ወድቆ ተባረረብን።